ማሽኑ የማይጠይቅሽ ነገር

ልጄ፣ ጂም መግባትሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን ባሳለፍኩበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል አብዛኛው ሰው የሚመጣው ወገቡ ከተያዘ፣ ጉልበቱ ካበጠ ወይም ግማሽ ጎኑ ከደከመ በኋላ ነበር። አንቺ ግን በደህና ቀንሽ ጀመርሽ። የመሮጫ ማሽኑ የልብ ምትሽን እያነበበ ፍጥነቱን ራሱ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ፣ የክብደት ማሽኑም ስምሽን ስታስገቢ ወንበሩንና ኪሎውን ላንቺ እንደሚያስተካክል ነግረሽኛል። «እኔ ምንም መንካት አይጠበቅብኝም» ስትይኝ ስልኩ ላይ ዝም ያልኩት ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ይኸው አሁን ጻፍኩልሽ።

በማሽኑ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንድትተዪውም አልልሽም። የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ማሽን የሚስማማሽ በለካው ልክ ብቻ ነው። የልብ ምትሽን ከለካ ለልብ ምትሽ ይስማማል፣ የግፊትሽን ኃይል ከለካ ለግፊትሽ ይስማማል። ሌሊቱን ሳትተኚ እንዳደርሽ፣ ጾም ላይ እንደሆንሽ፣ ለቅሶ ቤት ውለሽ እንደመጣሽ፣ ቀኝ ትከሻሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደሚወጋሽ ግን አይጠይቅሽም። እነዚህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስለዚህ እጅሽ ከቁልፉ መራቅ የለበትም።

ማሽንን ለሰው የማመቻቸት ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ጉስታቭ ዛንደር የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ስቶክሆልም ውስጥ በማሽን እየታገዘ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም ከፍቶ ነበር። አንዳንዶቹን ማሽኖች በሽተኛው በራሱ ጉልበት ይገፋቸዋል፤ ሌሎቹ በእንፋሎት ሞተር እየተነዱ እጅ እግሩን ያንቀሳቅሱለታል። የብልሃቱ ቁም ነገር ዘንጉ ላይ የምትንሸራተት ክብደት ነበረች። ወደ ጫፍ ሲያርቋት ይከብዳል፣ ወደ መሀል ሲያስጠጓት ይቀላል። በዚህም አንዱ ማሽን ለጎረምሳውም ለደካማዋ አሮጊትም ይሆናል። ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1876 ማሽኖቹን ፊላደልፊያ በተካሄደው ኤግዚቢሽን ላይ ካሳየ በኋላ አሠራሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተዛመተ። አንድ ነገር ልብ በዪልኝ፤ ክብደቷን የሚያንሸራትታት ሰው ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ሴንሰርና ኮምፒውተር ወስደውታል።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አርተር ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ናውቲለስ የተባለውን ማሽን ገበያ ላይ አወጣ። ያሳሰበው ነገር ይህ ነው፤ የጡንቻ ጉልበት ከእንቅስቃሴው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። ክንድሽን ዘርግተሽ ክብደት ወደ ትከሻሽ ስታጥፊ አስተውዪ። መነሻው ላይ ደካማ ነሽ፣ ክርንሽ ዘጠና ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትበረቻለሽ፣ ጫፍ ላይ እንደገና ትደክሚያለሽ። ጆንስ ሰንሰለቱ የሚጠቀለልበትን ጎማ ክብ ከማድረግ ይልቅ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠመዘዘው፤ ያው ብረት በበረታሽበት ቦታ እንዲከብድ፣ በደከምሽበት እንዲቀል አደረገው። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ ውስጥ ሽቦ እንኳ የለም። ጥሩ መላ ነበር፤ ነገር ግን የተቀረጸው በአማካይ ሰው ክንድ ነው፤ የክንድሽ ርዝመት ከአማካዩ ከራቀ የሚከብድበትና የምትበረቺበት ቦታ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። አጭር ከሆንሽ ወንበሩን ከፍ አድርገሽ የማሽኑ መታጠፊያና የመገጣጠሚያሽ መታጠፊያ በአንድ መስመር መዋላቸውን በዓይንሽ አረጋግጪ። ስምሽን ያወቀ ማሽን ይህን ራሱ አስተካክሏል ቢልሽም ተነሥተሽ እዪው።

ከሁሉም የምወደው እ.ኤ.አ. በ1967 ሂስሎፕና ፔሪን የተባሉ ባለሙያዎች ለሙያ ማኅበረሰቡ ያስተዋወቁት የማሽን ዓይነት ነው። እዚያ ማሽን ላይ ተወስኖ የሚቀመጠው ኪሎ ሳይሆን ፍጥነት ነው። ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ልሂድ ብትዪ አያስኬድሽም፤ በገፋሽው መጠን መልሶ ይገፋሻል። ጉልበቱን የተጎዳ ሰው እግሩን ሲዘረጋ የሚያመው ቦታ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ይለግማል፤ በዚያው ቅጽበት ማሽኑም አብሮ ይለግማል። የተንጠለጠለ ብረት ቢሆን ኖሮ የሰውየው ሕመም ግድ አይሰጠውም ነበር። ሕመምን በጉልበት ልክ የሚሰማ ማሽን ማለት ይህ ነው። ከአሁኖቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ብረቱን ጭራሽ ትተው በኤሌክትሪክ ሞተር ወይም በታመቀ አየር ክብደት ይፈጥራሉ፤ አንዳንዶቹ እያንዳንዱን ምልልስ በምን ፍጥነት እንደሠራሽ ይለካሉ፣ እጅሽ ሲዘገይና ሲንቀጠቀጥ ኪሎውን ያነሡልሻል። ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

አሁን ወደ መሮጫ ማሽንሽ ልምጣ። ዕድሜሽን ስትነግሪው ልብሽ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ምት ይገምታል፤ ከዚያ ላይ የተወሰነ መቶኛ ወስዶ ዒላማ ያደርገዋል። ምትሽ ከዒላማው ሲያንስ ያፈጥናል ወይም ዳገት ያወጣሻል፣ ሲበልጥ ያቀዘቅዛል። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግምቱ ከየት እንደመጣ ነው። የተለመደው ስሌት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ሴት 190 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የተሻሻለ ስሌት ለዚሁ ዕድሜ 187 ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሴቶችን ብቻ አጥንቶ የወጣው ደግሞ ወደ 180 ያወርደዋል። አንዲት ሴት፣ አንድ ዕድሜ፣ አሥር ምት ልዩነት። ከዚህም በላይ ማንኛውም ስሌት የሚነግርሽ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የእውነተኛው ሰው ልብ ከስሌቱ አሥር አሥራ ሁለት ምት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢርቅ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ማሽኑ «ከዒላማሽ በታች ነሽ» እያለ ሲገፋሽ አንቺ ግን ቃል ለማውጣት እንኳ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ የተሳሳተው ዒላማው ነው። ዒላማውን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ ፈልጊና ዝቅ አድርጊው።

ንባቡም ራሱ ይሳሳታል። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብሽን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ ከሁሉም ይታመናል። የማሽኑ እጀታ ላይ ያሉት ብረቶችም ኤሌክትሪክ ነው የሚያነቡት፤ ነገር ግን መዳፍሽ ሳይንቀሳቀስ ጨብጦ መቆየት አለበት፣ እየሮጡ ያ አይሆንም። የእጅ ሰዓቱ ደግሞ ቆዳሽ ውስጥ ብርሃን እየላከ የደሙን መምጣትና መሄድ ይቆጥራል። ሰዓቱ ላልቶ እጅሽ ሲወናጨፍ የእርምጃሽን ምት የልብሽ ምት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። በደቂቃ 160 እርምጃ እየረገጥሽ፣ ስክሪኑም 160 ላይ ድርቅ ብሎ ከቀረ ጠርጥሪ። ማሽኑን አቁመሽ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣትሽ ሥር አንጓሽ ላይ አሳርፊ፣ 15 ሴኮንድ ቁጠሪና በአራት አባዢ። ሴንሰሩ የሰጠው ቁጥር የውሸት ከሆነ ማሽኑ የሚወስነው ውሳኔ ሁሉ በዚያው ውሸት ላይ የቆመ ነው፤ ልብሽ ገና 130 ላይ እያለ ፍጥነቱን ሊነሣሽ፣ ወይም ልብሽ እየጋለበ ሳለ ሊያፈጥንብሽ ይችላል።

ሌላም አለ። ልብ ትእዛዝ ሲደርሰው ወዲያው አይነሣም፤ ፍጥነቱ ከተቀየረ በኋላ ምቱ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ገና ከመኪና ወርደሽ፣ ምትሽ 80 ላይ ሳለ የልብ ምት ፕሮግራሙን ብትከፍቺው ማሽኑ ከዒላማው ርቀሽ ያለሽ ይመስለዋልና ይጣደፋል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በራስሽ እጅ በዝግታ አሟሙቂ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩን ለማሽኑ ስጪው።

ማሽኑ ያለሽበትን ከፍታም አይጠይቅሽም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። አንቺ እዚሁ ተወልደሽ ስላደግሽ አይታወቅሽም። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የምትመጣው የአክስትሽ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ስትሮጥ በነበረው ፍጥነት እዚህ ስትሮጥ ልቧ ቀድሞ ይወጣል። ስልኳ ላይ የተመዘገበው የማሽኑ ማስታወሻ «አቅምሽ ወርዷል» ሊላት ይችላል። አልወረደም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ሥጋት ሳይገባት ቀስ ብላ ትሥራ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለራሷ ትስጥ። ዱባይ ያለችው ጓደኛሽ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣው በተበላሸ ቀን የሚገጥማት እንዲሁ ነው፤ ሙቀት ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚስበው በዚያው ፍጥነት ምቷ ይጨምራል።

ስለ ጾም አጥብቄ ልንገርሽ፤ ይህን ማንም ውጭ አገር የተቀመጠ ፕሮግራም ጻፊ አያስብልሽም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምሺ ጂም ብትገቢ ሰውነትሽ ውኃ አጥሮታል፤ የደምሽ መጠን ትንሽ ወርዷል፣ ልብሽም በዚያው ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የመሮጫ ማሽኑ ይህን ያየዋል፤ ፍጥነቱን ይቀንስልሻል፣ መልካም ነው። የክብደት ማሽኑ ግን አያየውም። ባለፈው ሳምንት 40 ኪሎ እንደገፋሽ መዝግቧልና ዛሬ 42 ያቀርብልሻል። ብድግ ስትዪ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ላብሽ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ተቀመጪ፤ ምዝገባው ይቅር። በጾም ወራት ስፖርቱን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አሻግሪው፣ ኪሎውን ካለፈው ወር ዝቅ አድርገሽ ያዥ፣ የአቅም ፈተና የሚባለውንም እስከ ፋሲካ አቆዪው። ረመዳን የምትጾመው የሥራ ባልደረባሽም ከአፍጥር በኋላ፣ ውኃም ከጠጣች በኋላ ብትሠራ ይሻላታል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጾምንና ስፖርትን ከማጣመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር ግዴታው ነው።

የአቅም ፈተናውን ካነሣሁ አይቀር እዚህ ላይ ልቆይ፤ የሁሉ ነገር መሠረት እሱ ነው። የሚስማሙት የክብደት ማሽኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሙሉ ኃይልሽ እንድትገፊ ያዙሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጡሽ ኪሎ ሁሉ የዚያ ግፊት ክፋይ ነው። ልብስ ሰፊ ልክሽን በአንድ ቀን ወስዶ ዓመቱን ሁሉ በዚያው ልክ ሲሰፋልሽ እንደማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ምረጪ። በልተሽ፣ ተኝተሽ፣ ምንም ሳያምሽ፣ አሰልጣኝ አጠገብሽ ቆሞ ይሁን። ጎረቤት ማሽን ላይ ያለውን ሰው ለማስደነቅ ብለሽ ወገብሽን ከመደገፊያው አንሥተሽ አትግፊ፤ ያ ተጨማሪ ኃይል የእግርሽ ሳይሆን የጀርባሽ ነው፣ ማሽኑ ግን የእግርሽ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ከነገ ጀምሮም እግርሽ የሌለውን ጉልበት ይጠየቃል።

ስትገፊም ትንፋሽሽን አትያዢ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ያንራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳ ተመራማሪዎች ክብደት በማንሣት የሠለጠኑ ወጣቶች ክንድ የደም ቧንቧ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ከባድ ክብደት በእግራቸው ሲገፉ የደም ግፊታቸውን ለክተው ነበር። አማካዩ 320 በ250 ደረሰ። እነዚያ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፣ ግፊቱም ሥራው ሲያበቃ ወዲያው ይወርዳል። ግፊቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ስንቱ ሰው ነው ግፊቱን ተለክቶ የማያውቀው! ስትገፊ አውጪ፣ ስትመልሺ አስገቢ። የአቅም ፈተናም ሆነ ከባድ ክብደት ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለሽ ግፊትሽን ተለኪ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስክሪኑ ላይ ስለሚታየው ካሎሪ ብዙ አልልም፤ አትመኚው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መለኪያዎችን ፈትነው ነበር። የልብ ምትን ስድስቱ በደህና ለኩት። የተቃጠለውን ኃይል ግን በጣም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተው፤ የባሰው 93 በመቶ። 400 ካሎሪ አቃጠልኩ ብለሽ ለዚያ ብለሽ አትብዪ፣ ለዚያ ብለሽም አትራቢ።

አሁን ስለ ትልቁ ሥጋቴ። የሚያግዝ ማሽን ሰውን ያለግማል። ይህን በሥራዬ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ስትሮክ ያገኘው ሰው ቀበቶ ታስሮለት እግሩን እየያዝንለት ሲራመድ፣ እጃችን ጠበቅ ያለ ቀን እሱ ይተዋል፤ ላላ ያልን ቀን ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል። ጭኑን የያዘው እጄ ላይ ይታወቀኛል፣ ጡንቻው ተነሣ አልተነሣ። ሮቦት እግርን ታቅፎ የሚያራምድበት መሣሪያ ሲመጣም ተመራማሪዎች ይህንኑ አገኙ፤ ማሽኑ ሁሉን ሲሠራለት የሰውየው ጡንቻ ሥራውን ይቀንሳል። ለዚህ ነው የአሁኖቹ «በሚያስፈልገው መጠን ብቻ አግዝ» በሚል መርህ የሚሠሩት፤ ሰውየው ሲበረታ እገዛው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ ካገኛቸው ቆየት ያሉና መራመድ የሚችሉ 48 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱን በሮቦት፣ ገሚሱን በፊዚዮቴራፒስት እጅ እያስደገፈ አለማመደ። በአረማመድ ፍጥነት የበለጠ የተሻሻሉት በሰው እጅ የታገዙት ናቸው። ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ልጨምር፤ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት ከሕመሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት፣ ጭራሽ መራመድ ላቃታቸው ሰዎች፣ ሮቦቱ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲጣመር ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸውን ከፍ ያደርገዋል። ለሦስት ሰው የሚከብደውን ሰውነት ሮቦት ሳይደክመው ይሸከማልና።

አበበ ቢቂላን አስታውሺ። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው እግር እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ ሲሆን አበበ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ያክሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመሩት ውድድር በ16 ቀስተኞች ነው የተነሣው። ቀስት የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፣ ክንድን፣ ትከሻንና የወገብን ሚዛን ያጠነክራል። አበበም ቀስት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ተወዳደረ። ስፖርትን ለሰው ማስማማት ማለት ለእኔ ትርጉሙ እንዲህ ነው፤ ምን ቀረ፣ በቀረው ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ። አንቺ ጤነኛ ብትሆኚም ጥያቄው ያው ነው። ማሽኑ ሲያቀልልሽ «ተመስገን» ብለሽ አትዘናጊ፤ ዛሬ ለምን ቀለለልኝ ብለሽ ጠይቂ። ደክሞሽ ከሆነ እሰየው። ለግመሽ ከሆነ ግን ያቀለለውን መልሰሽ ስቀዪ።

ለይተሽ የምታውቂበትን ልምምድ ላስተምርሽ። ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ድካምን ከ6 እስከ 20 ባለው ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አዘጋጅቷል። 6 ማለት ምንም አልደከመኝም፣ 13 ማለት ከበድ ብሎኛል፣ 20 ማለት ከዚህ በላይ አልችልም ነው። በጤነኛ ወጣት ላይ ቁጥሩ በአሥር ሲባዛ ወደ ልብ ምቱ ይጠጋል፤ 13 ያለ ሰው ምቱ 130 አካባቢ ይሆናል። አሁን ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኚው። በየአምስት ደቂቃው ቁጥርሽን ለራስሽ ተናገሪ፣ ከዚያ ፎጣውን ገልጠሽ ምትሽን እዪ። መጀመሪያ አካባቢ ይራራቃሉ፤ ይህን ብትደጋግሚው ይቀራረባሉ። በቁጥር መጫወት ከሰለቸሽ ደግሞ አውሪ። እያወራሽ መሥራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ መካከለኛ ላይ ነሽ፤ አብዛኛውን ቀን የሚበቃሽም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የዚህ ዓይነት እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ማሽኑ ሽልማት እያበራ ከዚያ አልፈሽ በየቀኑ እንድትከንፊ ቢጋብዝሽ ግብዣውን የመቀበል ግዴታ የለብሽም።

ወንድምሽ ለቤት የመሮጫ ማሽን ሊገዛ ነው ብለሽኛል። ሁለት ነገር ንገሪልኝ። መብራት ሲጠፋ ቤልቱ ይቆማል፤ የሚሮጠው ሰው ግን ባለበት ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ልብስ ላይ የምትቆነጠጠዋን ቀይ ገመድ ማሰር፣ በፍጥነት ሲሮጥም ከእጀታው አለመራቅ ልማዱ ይሁን፤ የኃይል ማረጋጊያም ይግዛ፣ መብራቱ ሲመለስ የሚወረወረው ኃይል የማሽኑን ቦርድ ሊያቃጥለው ይችላልና። ከዚህ የሚበልጠው ግን የልጆቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት የመሮጫ ማሽን አንድ ሕፃን ሕይወቱን ካጣና ሌሎችም ከተጎዱ በኋላ ወደ 125,000 የሚሆነው ከየቤቱ እንዲመለስ ተጠርቷል። ልጅ፣ የቤት እንስሳና ዕቃ ከኋላ ገብተው ሥሩ ተስበው ነበር። በላዩ ያለውን ሰው ልብ እስከ መቁጠር የደረሰ ማሽን ከኋላው የሚድኸውን ሕፃን ላያይ ይችላል። በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ከኋላው ሰፊ ባዶ ቦታ ይኑረው፣ ሥራው ሲያበቃ ቁልፉ ተነቅሎ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። ከመግዛቱም በፊት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማሽኑ ይሠራ እንደሆነና መለዋወጫውን ማን እንደሚያመጣ ይጠይቅ።

እናትሽን ይዘሻት ልትሄጂ ማሰብሽ ከሁሉም አስደስቶኛል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከወጣት ይልቅ የሚጠቅሙት እንደ እሷ ላለ ሰው ነው። ቁጭ ብላ፣ ከአንድ ኪሎ ተነሥታ፣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየጨመረች የጭኗን ጡንቻ መመለስ ትችላለች፤ ከወንበር ሳትደገፍ መነሣት፣ የታክሲ ደረጃ መውጣት የጭን ጉዳይ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድም በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል፤ ይህን ማሽን ላይ ተቀምጣ አታገኘውም፣ ግድግዳ ይዛ በአንድ እግር መቆም ትለማመድ።

ነገር ግን እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ከሆነ የልብን ምት ይዞ የሚያቆይ ነው። ደክሟት፣ ትንፋሽ አጥሯት እንኳ ምቷ ከመቶ ብዙም ላያልፍ ይችላል። በልብ ምት የሚመራው ማሽን ይህን ሲያይ ገና አልሠራችም ብሎ ያፈጥንባታል፣ አሁንም ምቷ አይነሣም፣ አሁንም ያፈጥናል። ስለዚህ ለእናትሽ ያንን ፕሮግራም ጭራሽ አትክፈቺላት። በእጅ በሚስተካከል ፍጥነት፣ እያወራች መራመድ በምትችልበት ልክ፣ በቦርግ ቁጥር ከ11 እስከ 13 ባለው ትሥራ። ደረቷ ላይ ቢከብዳት፣ ወደ ክንዷ ወይም ወደ መንጋጋዋ ቢሰማት፣ ራሷን ቢያዞራት ወዲያው አቁማ ሐኪም ጋ ትሂድ። መድኃኒቱንም ለስፖርቱ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ቅዳሜ ጠዋት አድርጊው፣ እኔም እመጣለሁ። ቁርስ በልታ፣ የሚይዝ ጫማ አድርጋ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዛ ትምጣ።